ጋሽ ጣቱና የሚያፈሰው ፓምፕ

ጋሽ ጣቱን በዚህ ስም የጠሯቸው ይሠሩበት የነበረው የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒኮች ናቸው። እሳቸው ሞተር ከመክደናቸው በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ብረቱን በሌባ ጣታቸው ይዳስሱታል፤ ፀጉር የምታክል ነገር ብትቀር ጣታቸው ታውቃለች። «ዓይኔ ሸውዶኝ ያውቃል፣ ጣቴ ግን አንድ ቀን አልሸወደችኝም» ይሉ ነበር። ጡረታ ሲወጡም ጉራቸው አብሯቸው ወጣ።

ችግሩ፣ ጣቷ ከከዳቻቸው ቆይታለች። ይህን ያወቁት ክብሪት ጭረው ወሬ ይዟቸው እሳቱ ጣታቸው ላይ ሲደርስ፣ ከሕመሙ በፊት ሽታው የነገራቸው ዕለት ነው። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ጣት የሌለው ጋሽ ጣቱ ምን ተብሎ ሊጠራ ነው?

የአማቻቸውን አሮጌ መኪና የውሃ ፓምፕ የገጠሙትም በዚያችው ጣት ነበር። እሁድ ልጃቸው ቤት ለምሳ ተጠርተው ሲገቡ ከመኪናው ሥር ውሃ ተኝቶ አዩ። ጎንበስ ብለው ቀለሙን እንኳ አላዩም። የአማቻቸው እናት በተቀመጡበት ማዕድ ላይ ጋሽ ጣቱ ማንኪያቸውን አስቀምጠው አማቻቸውን መውቀስ ጀመሩ።

«ጓርኒሲዮን ማለት በሁለት ብረት መሃል የምትተኛ ስስ ነገር ናት። ሞተር ሲሞቅ ብረቱ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ መሃል ላይ የምትታሸው እሷ ናት። መኪናው ባረጀ ቁጥር ትደርቃለች፣ ትሰነጠቃለች። ደህና የራዲያተር ፈሳሽ ካገኘች ግን ዓመታት ትቆይልሃለች። አንተ የቧንቧ ውሃ ትገለብጥበታለህ፤ ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገቱ እሷን ይበላታል። ከዚያ የሚታማው መካኒኩ ነው።»

እናትየው አንገታቸውን ደፉ። የጋሽ ጣቱ ልጅ አባቷን በዓይኗ ጠቀሰቻቸው፤ እንዳላዩ ሆኑ።

«ይሆናል አባባ፣ አጥፍቼ ይሆናል» አለ አማችየው።

ይህም አልበቃቸው። ከምሳ በኋላ ዝገቱን በዓይኑ ሊያሳዩት ፓምፑን ፈቱት። አማችየው ከሥር ሳፋ ደቀነ። ብሎኖቹ ወልቀው ፓምፑ ሲላቀቅ በእጃቸው ላይ የወረደው ጥርት ያለ አረንጓዴ የራዲያተር ፈሳሽ ነበር። ዝገት የለ፣ የቧንቧ ውሃ የለ። ብረቱ ላይ ግን ከአሮጌው ጓርኒሲዮን ሳይፋቅ የቀረ ቁራጭ እንደ ቁስል ቅርፊት ተጣብቋል፤ አዲሱ በላዩ ተጭኖ በጎኑ ሲያፈስ ከርሟል።

ጋሽ ጣቱ ቁራጩን በጥፍራቸው ፈንቅለው መዳፋቸው ውስጥ ደበቁት። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር አድርገው አያውቁም። ቀና ሲሉ አማቻቸው እያያቸው ነው።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ እናትየው ከበረንዳው።

«ውሃው ነው እማዬ» አለ አማችየው ፈጠን ብሎ። «አባባ እንዳሉት ነው።»

ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። በእናቱ ፊት ያዋረዱት ሰው፣ በእናቱ ፊት ጥፋታቸውን እየተሸከመላቸው ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ዝም ቢሉ ነገሩ እዚያው ይቀበራል፤ ዝም ሊሉም ነበር። ብረቱን ፍቀው ጨረሱና እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን አሳረፉበት። ጣቷ ምንም አልነገረቻቸውም። ይጽዳ አይጽዳ አያውቁም።

ተነሥተው ሄዱና ቁራጩን በረንዳው ጫፍ ላይ፣ እናትየው እግር አጠገብ አስቀመጡት።

«እትዬ፣ የልጅዎ ጥፋት አይደለም። ይሄን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። አፌን ያስቀደምኩትም እኔው ነኝ።»

ከዚያ ወደ መኪናው ተመለሱ። አማቻቸውን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው።

«ና እስቲ፣ አንተ ዳስሰው» አሉት። «የኔዋ ከሞተች ቆይታለች።»

አማችየው እጁን በሱሪው ጠርጎ ብረቱ ላይ ጎንበስ አለ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።