የጋሽ አሥራት ትርፍ

ባለፈው መስከረም ጫጫ ከተማ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ከአንድ ዳቦ ቤት ታች ታቹ ያረረ የፉርኖ ዳቦ ሽታ መጣና ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን ሳድግ በየማለዳው የምነቃው በዚህ ሽታ ነበር። ከሽታው ጋር ጋሽ አሥራት ትዝ አሉኝ፤ ቀኔም እንደ ተበላሸ ዋለ።

ጋሽ አሥራት አባቴ የሚያስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ዲሬክተር ነበሩ። ክርኑ የተጣፈ ካኪ ኮት የሚለብሱ፣ ሲስቁ ከአፋቸው ትከሻቸው የሚቀድም ሰው ነበሩ። መንግሥት በጀት የሚቆርጠው በኮታ ለተመደቡ ተማሪዎች ብቻ ነበር። ከአንኮበር ወዲያ ካለው ቆላ ፈተና አልፈው የሚመጡ ልጆች ግን “ኮታው ሞልቷል” እየተባሉ ከበር ይመለሱ ነበር። ይህ ነገር ለጋሽ አሥራት አልዋጥላቸው ቢል፣ ከልጆቹ የቻሉትን ያህል ተቀበሉ። ግቢው ውስጥ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ የዳቦ ምድጃ ነበረ፤ አስጠግነው እሳት አስነሡበት። ተማሪዎቹ በተራ ያቦካሉ፣ ይጋግራሉ፤ ከተማው ጋቢውን ተከናንቦ በብርዱ ተሰልፎ ይገዛል። ከዱቄቱና ከማገዶው ወጪ የተረፈው እነዚያን ኮታ ያላገኙ ልጆች ያበላል፣ ደብተርም ይሆናቸዋል። ጋሽ አሥራት ራሳቸው ለቤታቸው ዳቦ የሚወስዱት እንደማንም ተሰልፈው ከፍለው ነበር።

“ይሄ ሁሉ ትርፍ የት ይገባል?” የሚል ነገረኛ ሲመጣ አይቆጡም። እጁን ይዘው ወደ ምግብ አዳራሹ ይወስዱትና፣ “ይኸውልህ ትርፌ፣ ቁጭ ብሎ እየበላ!” ይሉታል። ቀልዱ ተለምዶ ልጆቹ “የጋሼ ትርፎች” ተባሉ።

ከትርፎቹ አንዷ ዘይነባ ነበረች። ከአልዩ አምባ መጥታ እኛ ቤት አርፋ፣ ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ ትተኛ ነበር። ማስተማር የምትለማመደው በእኔ ላይ ነው። ሰሌዳዋ የእናቴ ሣጥን ክዳን ነበር፤ የጠመኔ ስብርባሪ ይዛ ትቆምና፣ “አንቺ ከገባሽ እኮ አገሬ ላይ የማይገባው ልጅ አይኖርም!” እያለች ታበሽቀኝ ነበር። አገሯ ገብታ ከማስተማር በቀር ሌላ ምኞት አልነበራትም።

በዚያን ጊዜ ግን “ትርፍ” የሚለው ቃል እንደ ድሮው የዋህ አልነበረም። የሰው ቤት “ትርፍ” እየተባለ ተወርሷል፤ ከተማው ቃሉን ሲያነሣ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ለምዷል። ጋሽ አሥራት ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም፤ ቀልዳቸውን ስለወደዱት ረሱት። አንድ ቀን የማሠልጠኛው ሰው ከነቤተሰቡ ለስብሰባ ተጠርቶ፣ እኔም ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ሳለ፣ አዲስ የመጣ ካድሬ ተነሣ።

“ጓድ ዲሬክተር፣ ይህ ዳቦ ቤት ትርፍ አለው?” አላቸው።

ትከሻቸው መሳቅ ጀመረ። “አለው እንጂ ጓዴ! ና ላሳይህ።”

ካድሬው ካለበት አልተነቃነቀም። ወደ እኛ ዞሮ፣ “ጓዶች፣ በገዛ አፉ አምኗል! በተማሪ ጉልበት ትርፍ የሚያጋብስ አድኃሪ ይኸውላችሁ!” ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ካጨበጨቡት ብዙዎቹ ያን ዕለት ጧት የጋሽ አሥራትን ዳቦ በልተው የመጡ ነበሩ። አባቴም አጨበጨበ። ቤት ስንገባ ራሱን ይዞ፣ “ምናለ የለውም ቢሉ! ምናለ ያቺን ቃል ከአፋቸው ባያወጧት!” እያለ አለቀሰ። ለቅሶው ያኔም አላሳዘነኝም፣ ዛሬም አያሳዝነኝም።

ጋሽ አሥራትን ከአዳራሹ ደጅ በላንድሮቨር ወሰዷቸው። ዳቦ ቤቱን ቀበሌ ተረከበው፤ ክረምቱ ሳይወጣ የምድጃው እሳት ጠፋ። ኮታ የሌላቸው ልጆች ለመመረቅ ጥቂት ሲቀራቸው ግቢውን ልቀቁ ተባሉ። ዘይነባ የሣጥኑን ክዳን በእጅጌዋ ጠረገችና፣ “በይ አንቺ እንኳ አጥኚ” ብላኝ በአንኮበር አድርጋ ወደ አገሯ ወረደች። ጋሽ አሥራት ከእስር ወጥተውም ወደ ሥራቸው አልተመለሱም። መንገድ ላይ ሰላም ስላቸው አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፉኝ ነበር። ደርግ ሳይወድቅ ሞቱ።

ዘይነባን ከብዙ ዓመት በኋላ አልዩ አምባ ገበያ ላይ ማሾ ስትሸጥ አገኘኋት። ከተመለሰች ጀምሮ የአገሯ ትምህርት ቤት አስተማሪ እየጠፋ ክፍሎቹ ይዘጉ እንደነበር አጫወተችኝ። ላስተምር ብላ ብትሄድ የምስክር ወረቀት የለሽም ብለው መልሰዋታል። የጋሽ አሥራትን ስም ሳነሣላት ማሾውን መስፈሯን አላቆመችም።

“ደግ ሰው ነበሩ፤ አላህ ውለታቸውን ይክፈልልኝ” አለች። “ግን እውነቱን ልንገርሽ? ያኔ እንደ ሌሎቹ ከበር ቢመልሱኝ ይሻለኝ ነበር። ልጆቹ በትምህርት ሰዓት ሜዳ ላይ ሲራገጡ እያየሁ፣ እዚህ ተቀምጬ አልቃጠልም ነበር።”