ከሞያሌ ዳበል፦ «አይሠሩም» እንድል የተላክኩበት መንገድ

ማለዳ፣ ማንያታ

ዓርብ፣ ሰማዩ ገና ሳይነጣ ከቤት ወጣሁ። ቢጫ ጀሪካን የጫኑ አህዮች፣ ማንዳዚ የሚባለው ብስኩት የሚጠበስበት ዘይት ሽታ፣ ከመስጊድ የሚመለሱ ሽማግሌዎች፣ ወደ ደቡብ ሊነሡ ሞተር የሚያሞቁ የኢትዮጵያ ከባድ መኪና ሾፌሮች። ሰፈራችን ማንያታ ሁልጊዜም ከእኔ ቀድማ ነው የምትነቃው።

ሰናይት እባላለሁ። እናትና አባቴ ከኢትዮጵያ ስደተኛ ሆነው መጥተው በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ቀሩ፤ እኔም እዚሁ አደግኩ። ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ሰው «ፉንዲ» ይለኛል፤ አናጢውም ግንበኛውም መካኒኩም እዚህ ስሙ ያው ፉንዲ ነው። በስሙ ቅር አልሰኝም። ቅር የሚያሰኘኝ ሌላ ነገር ነው፦ ኮምፒውተር ሲሠራ ጉብዝናው የራሱ፣ ሲበላሽ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ።

አሠሪዬ ጋሽ ደሳለኝ ይባላሉ። የኮምፒውተር ሱቅ አላቸው፤ በዙሪያው ያሉ ትምህርት ቤቶችን ማሽን የመጠገን ውልም የእሳቸው ነው። ትናንት ወደ ማምሻው ጠርተውኝ እንዲህ አሉኝ፦

«ነገ ከጉዮ ጋር ዳበል ትሄጃለሽ። እዚያ ትምህርት ቤት ስድስት ኮምፒውተር ተኝቷል። ጭነሽ ታመጪልኛለሽ።»

«ምን ሆነው ነው?»

«አይሠሩም።»

«ማን አያቸው?»

«አንቺ ነገ ታያቸዋለሽ፣ አይሠሩም ትያለሽ፣ ትጭኛለሽ። ርእሰ መምህሩ ባለሙያ አይሠሩም ካለ ውሰዱ ብሏል። እኛ ሱቅ ሲገቡ ይሠሩልናል» አሉና ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። ግን እሺ ብዬ ነው የወጣሁት። ይኼንን ልደብቃችሁ አልፈልግም።

ሄሉ

ሾፌሩ ጉዮ በአርባዎቹ ያለ ቦረና ነው። ወሬው ጥቂት፣ ሳቁ ብዙ። ፒክአፑን ሄሉ በምትባለው መንደር አንድ ሻይ ቤት በር ላይ አቁሞ ሻይና ሳምቡሳ አስመጣ። ሳምቡሳው ትኩስ ነው፣ አሥር ሽልንግ፣ ውስጡ ከሥጋ ይልቅ ሽንኩርት ይበዛዋል። ገና አንዱን ሳልጨርስ የሻይ ቤቱ ባለቤት የመፍቻ ቦርሳዬን አየ።

«ፉንዲ! ቲቪዬ ድምፅ አለው፣ ሥዕል የለውም።»

«እኔ የኮምፒውተር ነኝ።»

«ያው አይደል? ሁለቱም መስታወት ነው።»

ይኼን ስንነጋገር ስልኬ ጮኸ። ከተማ ውስጥ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊዋ ናት፤ ኮምፒውተሩ ሞተ ትላለች፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«መብራት አለ?»

«አለ።»

«ሶኬቱ ተሰክቷል?»

ስልኩን አስቀምጣ ሄደች። ከዚያ ራቅ ያለ ድምፅ፣ የወንበር መንኳኳት፣ የሆነ ሰው ሳቅ። «አለቃዬ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ነቅሎት ነው» አለችኝና ዘጋች። አመሰግናለሁ እንኳ የለም። ጉዮ ሻዩ እስኪደፋ ሳቀ። ቲቪውን ግን አልነካሁም። አንድ ጊዜ ከነካሁ ሄሉ ውስጥ ያለ ቲቪ ሁሉ የእኔ ሊሆን ነው።

ረፋድ፣ መንገድ ላይ

ዋናው መንገድ ገና እየተሠራ ነው። የድንጋይ ክምር፣ ውኃ የሚረጭ ቦቴ፣ ቢጫ ማሽኖች፣ ባንዲራ ይዞ መኪና የሚያስቆም ጎረምሳ፣ ፊቱ በአቧራ ቀይ። አስፋልት ሲያልቅ ናይሮቢ ጓሯችን ትሆናለች ይባላል። እኛ ግን ከመንገዱ ወጥተን ወደ ሜዳው ገባን፤ ቀይ አፈር፣ ግራር፣ ከሰው የሚረዝም የምስጥ ኩይሳ፣ መንገዱን ዘግተው የሚያኝኩ ግመሎች። መስኮት ብንዘጋ ሙቀቱ፣ ብንከፍት አቧራው።

«ምን ልናመጣ ነው?» አለ ጉዮ።

«የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተሮች።»

መንገዱን የዘጉትን ግመሎች በጥሩንባ አባረረ። «የወንድሜ ልጅ እዚያ ትማራለች» አለ በመጨረሻ። «ኮምፒውተር መጣልን ብለው በሬ አርደው ነበር እኮ።»

 የመፍቻ ቦርሳዬን ወደ ጉልበቴ ሳብኩት።

ቀትር፣ ዳበል

ዳበል ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። በየቦታው የተበተኑ ጎጆዎች፣ ጥቂት የቆርቆሮ ሱቆች፣ ውኃ ወረፋ የያዙ ሴቶች፣ በእሾህ አጥር የተከበበ ረጅም የትምህርት ቤት ሕንፃ። ሰው ሁሉ «ምዋሊሙ»፣ መምህር፣ የሚላቸው ርእሰ መምህሩ ሀላኬ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ጉዮን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሰላም አሉት፣ የከብቱን ደኅንነት፣ የዝናቡን፣ የቤተ ሰቡን ጠየቁት። እኔን በዓይናቸው አለፉኝ።

«ፉንዲው የታለ?»

«እኔ መሪ ነው የምይዘው፤ ፉንዲዋ እሷ ናት» አለ ጉዮ።

ሽማግሌው እንደገና አዩኝ፤ ከጫማዬ እስከ ሻሼ። ለምጄዋለሁ። ቦርሳዬን ወደ ፊት አድርጌ «ክፍሉን ያሳዩኝ» አልኳቸው።

ከኮምፒውተሮቹ ክፍል በፊት ግን ያየሁት የመማሪያ ክፍሉን ሰሌዳ ነው። አንዲት ወጣት መምህርት በጠመኔ ኪቦርድ ሥላለች፤ ፊደሎቹ ሁሉ በየቦታቸው። ልጆቹ ተራ በተራ እየወጡ በጣታቸው ሰሌዳውን እየነኩ ስማቸውን «ይጽፋሉ»። አንዷ ቦታ ስትስት ክፍሉ በሙሉ «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» ይላል። መምህርቷ ቱሜ ትባላለች። በስዋሂሊና በቦረንኛ እየቀላቀልን ተግባባን።

«እስኪጠገኑ ድረስ ነው» አለችኝ፣ ጠመኔውን ከእጇ እያራገፈች። «እንዳይረሱ ብዬ። ዛሬ ልትጠግኚልን ነው የመጣሽው፣ አይደል?»

ምንም እንዳልተነገራት ያን ጊዜ ገባኝ። ምዋሊሙ ሀላኬ መሬት መሬት ያያሉ።

«የሱቁ ባለቤት በስልክ አይሠሩም ብሎኛል» አሉ ቀስ ብለው። «የተበላሸ ነገር እዚህ ተቆልፎ ምን ይሠራል? ይውሰደው ብያለሁ። ጄኔሬተሩንም አታስነሡ፣ ቤንዚን የለንም።»

በቃ፣ ነገሩ ቀላል ነበር። ሁለት ቃል ብናገር ጭነን እንሄዳለን፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቴ ነኝ። ዓመታት ሙሉ ሰው ያላየውን ሲያወራ ሰምቻለሁ፦ ቫይረስ ነው፣ አርጅቷል፣ እሷ ነክታው ነው። እኔም ሳላይ ልፍረድ? ደሜ ፈላ።

«ምዋሊሙ፣ እስካሁን ያያቸው ሰው የለም። እኔ ሳላይ አይሠሩም አልልም። ጄኔሬተሩ ይነሣ።»

«ቤንዚን የለም አልኩሽ እኮ።»

ጉዮ ወደ ፒክአፑ ሄዶ ለመጠባበቂያ የያዘውን ጀሪካን አምጥቶ በራቸው ላይ አስቀመጠ።

ኮምፒውተሮቹ አልጋ ልብስ ለብሰው ነው ያገኘኋቸው። ስገልጠው አቧራው እንደ ጭስ ተነሣ። ጄኔሬተሩ ጮኸ፤ የመጀመሪያውን አበራሁ። ማራገቢያው ዞረ፣ ጢጥ ጢጥ ጢጥ አለ፣ መስታወቱ ግን ጨለማ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም። ይኼንን ጩኸት አውቀዋለሁ። ኮምፒውተር ሜሞሪውን ሲያጣው እንዲህ ነው የሚጮኸው።

ከፈትኩት። ሜሞሪው በቦታው አለ፤ የሚሰካበት ቢጫ ጥርሱ ግን በቀይ አፈር ተለብጧል።

«ላጲስ አላችሁ?»

ቱሜ ወደ ልጆቹ ዞረች። በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት እጅ ተዘረጋልኝ፤ የተቆራረጠ፣ የተነከሰ፣ በክር የታሰረ ላጲስ። ጥርሱን በላጲስ ፈተግኩት፣ አቧራውን በብሩሽ ጠረግኩ፣ መልሼ ሰካሁት፣ አበራሁ። አንዴ ብቻ ጢጥ አለና መስታወቱ ሰማያዊ ሆነ።

እንዴት እንደተጮኸ ልነግራችሁ አልችልም። ከውጭ ፍየል የሚጠብቁ ሰዎች ሳይቀሩ መስኮት ላይ ተንጠለጠሉ። አምስቱ ተነሡ። ስድስተኛው ግን የኃይል ሳጥኑ ተቃጥሎ፣ ዋናው ቦርዱም አብሮት ጠቁሮ ነበር። እሱ በእውነት ሞቷል፤ ይኼንንም እንደዚያው ተናገርኩ።

በርእሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ፤ አንሥተው «አንቺን ነው» ብለው ሰጡኝ። ጋሽ ደሳለኝ ናቸው።

«ሰኒ፣ ጫንሽ?»

«አምስቱ ይሠራሉ ጋሼ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

«የላኩኝ እንዳያቸው ነው። አየኋቸው።»

«ስሚ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለአንድ ወር ይሠራሉ፣ ከዚያ አቧራው ይጨርሳቸዋል። እዚያ ማን ይጠቀምባቸዋል? እኔ ነኝ መፍቻ አያያዝ ያስተማርኩሽ። አሁን ተመልሰው ጠፉ በይና ጫኚ።»

ያስተማሩኝ እውነት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ በራቸውን የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው።  ሁሉም ያየኛል።

«አስተምረውኛል ጋሼ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን የሚሠራን ማሽን አይሠራም ማለት አላስተማሩኝም፤ አሁንም አልማረውም።»

ስልኩን ለምዋሊሙ ሀላኬ መለስኩላቸው። ጆሯቸው ላይ አድርገው ጥቂት ሰሙ። «ባለሙያህ ይሠራሉ አለች» አሉ በስዋሂሊ። «አንተው አይደለህ ባለሙያ ብለህ የላክኻት?» ብለው ዘጉት።

ከሰዓት፣ መልስ

ከመነሣታችን በፊት ቱሜን አጠገቤ አስቀምጬ አንዱን እንድትከፍተው፣ እንድትጠርገው፣ እንድትገጥመው አደረግኳት። የመጀመሪያውን እያገዝኳት፣ ሁለተኛውን ብቻዋን ጨረሰች። «ፉንዲ ባይኖርስ?» አለችኝ። «ፉንዲ አለሽ፤ አንቺ ነሽ» አልኳት። የግመል ወተት አጠጡን፤ ጭስ ጭስ የሚል፣ ወፍራም፣ ቀዝቃዛ። ጉዮ የወንድሙን ልጅ ስሟን በእውነተኛው ኪቦርድ ስትጽፍ ቆሞ አየና ፊቱን አዞረ።

ስንመለስ ባዶው ፒክአፕ በየጉድጓዱ ይዘላል። ኋላ ላይ የሞተው ኮምፒውተር ብቻ በገመድ ታስሯል።

«ያባርርሻል» አለ ጉዮ።

«አውቃለሁ።»

«ትፈሪያለሽ?»

«አዎ።» ፈርቼም ነበር። ግን ፒክአፑ ተጭኖ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የከፋ ነበር የሚሰማኝ።

ምሽት ሲቃረብ፣ ሞያሌ

ጋሽ ደሳለኝ ሱቁ በር ላይ ቆመው ነበር። የሞተውን ኮምፒውተር ተሸክሜ ገብቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«የማይሠራው ይኼ ነው» አልኳቸው።

አላዩትም። «ይህች ከተማ ትንሽ ናት፣ ሰኒ። ከእኔ ወጥተሽ ማን ይቀጥርሻል?»

«ትንሽ መሆኗ እኮ ነው ጋሼ። ዛሬ ዳበል የሆነውን ነገ ገበያው በሙሉ ይሰማዋል።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ሰኞ እንዳትመጪ።»

የሱቁን ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥቼ ፊታቸው አኖርኩና ወጣሁ።  የገዛ መፍቻዎቼ በትከሻዬ ናቸው።

ማንያታ ስደርስ ሱቆች መብራት እያበሩ ነው። እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፣ የተባረርኩትንም።  ቅጠሉን ከእንጨቱ እየለየች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ፦

«ሰኞስ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ኮምፒውተር፣ በገዛ መፍቻዬ» አልኳት።