ስሙን የማላውቀው የአባቴ ተክል

ባለፈው ታኅሣሥ በልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ በረንዳዬ ቆሜ፣ አባቴ ሲሞት ለእኔ የቀረውን ተክል ቢጫ ቅጠል ስቆርጥ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል ግን መረር ያለ ሽታ እጄ ላይ ቀረ። ያ ሽታ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ወደሠራሁት ሥራ መልሶ ወሰደኝ።

ተክሉን አባቴም ከእናቱ ነው የወረሰው። ስም አልነበረውም፤ በቤታችን “አበባው” ከተባለ፣ በዓለም ሌላ አበባ የሌለ ይመስል፣ ሁላችንም ያንኑ እንረዳለን። ያን ጊዜ የምንኖረው ከልደታ ማርያም ጀርባ ሲሆን፣ አበባው ከግቢያችን ቧንቧ አጠገብ ረጃጅም ቅጠሎቹን እንደ ሰነፍ ሰው መሬት ላይ ዘርግቶ ይከርምና፣ ዝናብ ሊገባ ሲል አንድ ወፍራም አገዳ አውጥቶ ጫፉ ላይ ሐምራዊ መስመር ያለበት ነጭ አበባ ይከፍታል። መዝገብ ቤት ይሠራ የነበረው አባቴ፣ ብዙ የማያወራው ሰውዬ፣ ያን ሰሞን ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ አጎንብሶ ያሸተዋል፤ እኛም በመስኮት እያየን እንስቅበታለን።

በግቢያችን እትዬ ዘነበች የምትባል ተከራይ ነበረች። ሕፃን ልጇን ሰናይትን አዝላ ቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ ነጠላ ትሸጣለች፤ ከቧንቧው ማዶም ጎመን ተክላ ነበር። ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ነበረች፤ እጇ ከመቅለሉ የተነሣ እየሠራችኝ እንቅልፍ ይወስደኛል።

አንድ የበጋ ቅዳሜ፣ እቃቃ የምጫወትበት ቦታ ስፈልግ፣ የአበባው ቅጠል በሙሉ ደርቆ አገኘሁት። አበባ ካላወጣ በቀር ልብ ብዬ አይቼው ስለማላውቅ የሞተ መሰለኝ። ቆፍሬ የሕፃን ጭንቅላት የሚያክለውን ሥር አወጣሁና ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ወንዝ ወረወርኩት። አባቴ ጉድጓዱን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

“ማነው የነካው?” አለ፣ ቀስ ብሎ። ቢጮህ ኖሮ እውነቱን የምናገር ይመስለኛል፤ ያስፈራኝ ቀስ ማለቱ ነው።

“እትዬ ዘነበች ስትቆፍር አይቻለሁ” አልኩ።

እሷ ጎመኗን እያጠበች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ የቁጣ አስተያየት አልነበረም። “እኔ አልነካሁም፣ ጋሼ” አለችና ወደ ጎመኗ ተመለሰች።

አባቴ አልሰደባትም። ሰላምታውን ብቻ ነፈጋት፤ ጠዋት ጠዋት ስትነሣለት እንዳላየ ሆኖ ያልፋታል። ወሩ ሳያልቅ ፍራሿን በወዛደር አሸክማ ወጣች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሰናይት ከእናቷ ጀርባ ሆና እጇን አወዛወዘችልኝ፤ እኔም መልሼ አወዛወዝኩላት።

ግንቦት ላይ ከጉድጓዱ ጠርዝ ሁለት አረንጓዴ ጫፎች ብቅ አሉ፤ ለካ ትንሽ ሥር መሬት ውስጥ ቀርቶ ኖሯል። አባቴ ጠርቶ አሳየኝ። “አየሽ አስቴር፣ ያቺ ሴት ጨርሳ አልነቀለችውም” አለኝ እየሳቀ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አላገኝም ነበር። አብሬው ሳቅሁ።

ሠፈሩ ሲፈርስ አባቴ አበባውን በቀለም ባልዲ ይዞ ኮንዶሚኒየም ገባ። እሱ ካረፈ በኋላ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆንብኝ ደነገጥኩና በየቀኑ ውሃ አጠጣው ጀመር፤ ባጠጣሁት ቁጥር ይባስ ይረግፋል። በመጨረሻ ባልዲውን ታክሲ ላይ ጭኜ ሜክሲኮ አጠገብ መንገድ ዳር ችግኝ ለሚሸጥ ሰው ወሰድኩለት። ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከተተና ሳቀ።

“እትዬ፣ ይኼ እኮ የጅብ ሽንኩርት ነው። በበጋ ይተኛል፤ ሲተኛ ውሃ አይፈልግም። እርስዎ አሰጠሙት!”

የበሰበሰውን ቆርጦ፣ የተረፈውን አመድ ነስንሶበት በደረቅ አፈር ተከለልኝና ዝናብ እስኪመጣ እንዳልነካው አስጠነቀቀኝ። አባቴ የሚያጎነብስለት አበባ የጅብ መሆኑ መንገድ ላይ ብቻዬን አሳቀኝ። ወዲያው ግን “ይተኛል” ያለው ቃል ልቤ ውስጥ ገባ፤ “ሞቶ ነበር” የምለው ሰበቤ እንኳ ውሸት ሆነ።

በማግሥቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ ያሉትን ነጋዴዎች ስለ እትዬ ዘነበች እየጠየቅሁ ሰናይትን ነጠላ ከምትሸጥበት ሱቅ አገኘኋት። እናቷ ካረፈች ጥቂት ዓመት ሆኗታል። ደንበኛ ሳይመጣ ልጨርስ ብዬ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳት። ነጠላ እያጠፈች ሰማችኝ።

“እናቴ እርስዎ መሆንዎን ታውቅ ነበር” አለች። “እጅዎ ላይ አፈር አይታለች።”

“ታዲያ ለምን ስሜን አልጠራችም?”

“‘አባቷ እንዳይገርፋት ብዬ ነው’ ትለኝ ነበር።” ያጠፈችውን አስቀመጠችና ሌላ አነሣች። “ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት የራሳችን ቤት አልነበረንም፤ በየዘመዱ ቤት ነው ያደግሁት።”

አባቴ በሕይወቱ አንድም ቀን ገርፎኝ አያውቅም። ይህን ለሰናይት ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። እትዬ ዘነበች አባቴን ጨካኝ፣ አባቴም እሷን ተንኮለኛ እንዳሉ አለፉ፤ ሁለቱም ደግ ሰዎች ነበሩ። ይህን ሄጄ ለሁለቱም የምነግርበት አርባ ዓመት ነበረኝ።