የሃዋኒ ፊርማ

ሃዋኒ በምግብ ቴክኖሎጂ ከተመረቀች አራት ዓመት ሆኗታል። አምቦ ውስጥ ያልቆመችበት የማስታወቂያ ሰሌዳ የለም፤ ሁሉም «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። ልምዱን ማን እንደሚሰጥ ግን አንዱም አይጽፍም። እናቷ ወይዘሮ አሰፋሽ መጠየቁን ከተዉት ቆይተዋል፤ የባሰባትም እሱ ነው።

አንድ ቀን ባኮ ላይ የሕፃናት ምጥን የሚያስፈጩ ኦቦ ዱጋሳ የሚባሉ ሰው ራሳቸው ደወሉላት። ሥራ ራሱ ሲፈልጋት መጠርጠር ነበረባት፤ የቸገረው ሰው ግን መች ይጠረጥራል!

«ዲግሪሽን ስጪኝና ግድግዳ ላይ ልስቀለው። ለፈቃድ ባለሙያ አምጣ እያሉኝ ነው። በወር አንዴ ብቅ ብለሽ ትፈርሚያለሽ፣ በቃ» አሏት።

«ዲግሪ አላከራይም፤ ልሥራ» አለች።

ሳቁባት። «ቶሌ፣ እሺ፣ ሥሪያ!»

ባኮ ቤት ተከራየች። የእርጥበት መለኪያው ከነካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከተገዛ ጀምሮ የነካው የለም። ሁለት ወር ሙሉ የገባውን በቆሎ ሁሉ ለካችበት፤ ከአሥራ ሦስት በመቶ በላይ የረጠበ ይሻግታልና። እናቷም ለጎረቤት ስለ ልጃቸው ሥራ ማውራት ጀመሩ።

በጥቅምት፣ ያለወቅቱ ዝናብ የመታው በቆሎ ገባ። ጆንያው ሲፈታ ሽታው ቀድሞ ወጣ። አንዷን ፍሬ ሰበረቻት፤ ውስጧ አረንጓዴ ሻጋታ ይዟል።

«ይሄ ለከብትም አይሆንም።»

«ሲቆላ ይጠፋል» አሉ ኦቦ ዱጋሳ።

«ሻጋታው ይጠፋል፤ መርዙ አይጠፋም። ጉበት ይጎዳል። የሚበሉት ደግሞ ሕፃናት ናቸው!»

ኦቦ ዱጋሳ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ እምቢ ብትይ ዲግሪ የያዘ ሞልቷል። በቆሎው እንደሆነ መፈጨቱ አይቀርም። በሚቀጥለው ደረቁን አመጣለሁ።» የምትፈርምበትን የጥራት ቅጽ ፊቷ አኖሩት።

ሰሌዳዎቹን አሰበች፤ የእናቷን ዝምታ አሰበች። ለዛሬ ብቻ ብላ ፈረመች። አፈረች፤ ከዕፍረቱ ይልቅ ግን ፍርሃቱ ነበር የበረታባት። ምጥኑን የጫነው መኪና ወደ አምቦ ሲወጣ እንዳታየው ፊቷን አዞረች።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሁለተኛው ጭነትም ሸተተ፤ እሱንም ተከራክራ፣ ተከራክራ ፈረመች። ሦስተኛው ሲገባ ኦቦ ዱጋሳ ቅጹን ጠረጴዛዋ ድረስ ላኩላት።

ሃዋኒ ከወንበሯ አልተነሣችም። ጆንያው ገና ሳይፈታ፣ «እርጥበት» በሚለው ቦታ ላይ ከራሷ «አሥራ ሁለት» ብላ ሞላችና ፈረመች።