ከምሳ በኋላ የሚወጣው መኪና

የሰቆጣ መናኸሪያ ትኬት ቆራጯ እፀገነት የሽማግሌውን ስም አታውቅም። የምታውቀው የነተበ ቡናማ ካፖርታቸውን፣ በክር የታሰረ መነጽራቸውንና በየሳምንቱ ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያው በር ላይ መቆማቸውን ነው። እሳቸው የሚሄዱበት የጽጽቃ መስመር የአንድ የባለመኪኖች ማኅበር ብቻ ሳለ በቀን የሚወጣው አንድ አውቶቡስ ነበር፤ ያመለጠው ሰው ወይ ያድራል፣ ወይ በእግሩ ይነጉዳል። መስመሩ በዚህ ሳምንት ለሌሎች ባለንብረቶችም ከተከፈተ ወዲህ ግን ረዳቶቹ ተሳፋሪ እየተሻሙ ይጣራሉ።

ዛሬ ሽማግሌው የመጡት ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ፣ ጢማቸውን ተላጭተው ነው።

«አባባ፣ ዛሬስ አረፈዱ» አለቻቸው።

«ባለቤቴ እዚህ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ልጄ። ያቺ አንዷ መኪና እንዳታመልጠኝ ሁልጊዜ ሳትነቃ ትቻት ነበር የምሄድ። ዛሬ መኪናው በዝቷል ሲሉኝ ቆየሁ፤ ስትነቃ አጠገቧ አገኘችኝ። ከእጄም ገንፎ ጎረሰችልኝ።»

እፀገነት ትኬቱን ልትቆርጥ ስትል እጃቸውን አነሡ።

«ከዚህ ኋላ ሌላ መኪና አለ?»

«አለ እንጂ፤ ከምሳ በኋላ ሁለት ይወጣሉ።»

ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱ።

«እንግዲያስ ምሳዋንም አብልቻት እመጣለሁ» አሉና ወደ ሆስፒታሉ ተመለሱ። እፀገነት ሳይቸኩሉ ሲራመዱ ስታያቸው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።