አባቴ የሳመው ዓምድ

ከሙጃ በታች ያለችውን የድንጋይ ከሰል መንደራችንን የቆረቆሩት አባቴና የሥራ ባልንጀራው ናቸው። ሁለቱም ላሊበላ በአብያተ ክርስቲያናቱ ጥገና ድንጋይ ሲጠርቡ ያደጉ ስለሆኑ ከሰሉንም እንደ ቤተ መቅደስ ፈለፈሉት፤ ከጉድጓዱ መሀል ወፍራም የከሰል ዓምድ ሳይነካ ቀረ። አባቴ በገባ በወጣ ቁጥር ይስመው ነበር። ኋላ የመጡት ቆፋሪዎችም እሱን አይተው መሳም ለመዱ። እሱ ካረፈ ቆይቷል፤ ሻይ ቤቴ የሚመጣው ሰው ግን ዛሬም ከንፈሩ ጥቁር ነው።

በቀደም የቆፋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር መጣና፣ «እትዬ፣ የዓምዱን ከሰል ልናወጣው ነው። አባትዎ እንዳይነካ አደራ ብለው ከሆነ እሑድ ስብሰባው ላይ ይናገሩ» አለኝ።

እኔ ምን አውቄ! ስሞ ይገባል፣ ስሞ ይወጣል፤ ጠይቄው አላውቅም። «የአባቴ ጥበብ ነው» እያልኩ መኩራቱን ግን ዕድሜዬን ሙሉ ተክኜበታለሁ።

ግራ ቢገባኝ ባልንጀራው ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አያ፣ አባቴ ዓምዱን ለምን ተወው?»

«እሱ መች ተወው? ሊንደው ዶማ አንሥቶ ነበር። ‹ጣሪያውን ምን ሊሸከመው ነው?› ብዬ ፊቱ ቆምኩ። ተቆጥቶኝ ወጣ። በማግስቱ ዓምድ ሳንተውለት የቆፈርነው የጎን ጉድጓድ ተደረመሰ። የማርያም ዕለት ሆኖ ሰው ስላልገባበት እንጂ አልቀን ነበር። መሳም የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።»

«ታዲያ ለማኅበሩ አይነግሩም?»

«ነገርኳቸው። ‹አርጅተዋል› አሉኝ። የሚፈሩት የሙት ቃል ነው፤ እኔ ደግሞ ገና አልሞትኩም።»

በማን እንደምናደድ ጠፋኝ። በአባቴ? በእሳቸው? በራሴ? እውነቱን ብናገር ዓምዱ ይነሣል፣ ጣሪያውም እነዚያ ልጆች ላይ ይወርዳል። ብዋሽ ደግሞ የሰውዬውን ክብር ለሁለተኛ ጊዜ ወስጄ ለአባቴ መስጠቴ ነው። እሑድ ስብሰባው ላይ ልናገር ስነሣ እንኳ ምን እንደምል አላውቅም ነበር።

«አባቴ አደራ ብሏል» አልኩ።

ሊቀ መንበሩ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «እርስዎስ ሰምተዋል?»

«እንዴታ!» አሉ በትራቸውን ተደግፈው። «እንዲያውም በዶማ ልንደው የነበርኩት እኔ ነኝ። የከለከለኝ አባቷ ነው።»

ሰዉ ሳቀባቸው። ዓምዱም ቀረ። አሁን ሽማግሌው ሻይ ሊጠጡ ሲመጡ ቀና ብዬ ላያቸው አልችልም።