አንባቢዋ ዋስ

እኔና ባልደረባዬ በምክር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ፣ ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ገጥመን ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል። እሷ ታነባለች፣ እኔ እከተላለሁ። የክልሉ ምክር ቤት የሚያወጣው ሕግ ሁሉ ከመታተሙ በፊት በእኛ በኩል ያልፋል። እሷ አዲስ የተተየበውን ጮክ ብላ ስታነብ እኔ ዋናውን ይዤ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። አነባበቧ ደግሞ ሥርዓተ ነጥቡን ሁሉ ጨምሮ ነው፤ «ተበዳሪው፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ዋሱ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ወይም ወራሾቻቸው፣ አራት ነጥብ» ትላለች። እንግዳ ሰው በር ላይ ቆሞ ቢሰማት ጸሎት የምታደርስ ይመስለዋል። በዚህ የተነሳ ከአፈ ጉባኤው እስከ ዘበኛው ድረስ «አራት ነጥብ» እያለ ነው የሚጠራት።

ስሙም አይበዛባትም። የጀመረችውን ሳትጨርስ አትነሳም፣ ሳታነብ የምታልፈው ወረቀት የለም። መድኃኒት ስትገዛ ካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፎ የሚገኘውን ወረቀት እዚያው ባንኮኒው ላይ ዘርግታ አንብባ፣ ፋርማሲስቱን ተከራክራ መድኃኒቱን ያስቀየረች ሴት ናት። የጡረታ ቅጽ የሚሞላው፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስመዘግበው፣ መኪና የሚሸጠው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ መጀመሪያ እሷ ዘንድ ይመጣል። እኔም የቤት ኪራይ ውሌን እሷ ሳታየው ፈርሜ አላውቅም። ይህች ሴት በዕድሜዋ ሳታነብ የፈረመችው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ቤቷን የሚያስይዝ ሆነ።

ታናሽ ወንድሟ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ትልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለመግዛት ከአንድ አበዳሪ ድርጅት ብድር ጠየቀ፤ ድርጅቱም ቤት ያለው ዋስ አምጣ አለው። ከቤተሰቡ ቤት ያላት እሷ ብቻ ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ልጇን ያሳደገችበት፣ ሁለት ክፍልና ጠባብ ግቢ ያለው ቤት ነው። በቀጠሮው ቀን ወንድሟ፣ ሚስቱና እናታቸው የአበዳሪውን ጠረጴዛ ከበው ጠበቋት። አሥራ አራት ገጽ ውል ተሰጣት። መነጽሯን አድርጋ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ የወንድሟ ፊት ሲለዋወጥ አየች። እናታቸውም ነገሩን በሣቅ ለመሸፈን ብለው፣ «ወንድምሽን እንደ ሕግ ረቂቅ ልታርሚው ነው እንዴ?» አሏት። የባዕድ ወረቀት ማንበብ ጥንቃቄ ነው፤ የወንድምን ወረቀት በፊቱ ማንበብ ግን አላመንኩህም ማለት ይሆናል። መነጽሯን አወለቀችና አሥራ አራቱንም ገጽ ፈረመች።

ይህን የነገረችኝ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ደብዳቤው ሲደርሳት ነው። ምድጃው ተበላሽቶ ወንድሟ አራት ወር ሳይከፍል ቀርቷል፤ ቅጣት በቅጣት ላይ ተደርቧል። አበዳሪው ምድጃውንም ጋጋሪውንም ትቶ በቀጥታ እሷ ላይ መጣ። በዘጠና ቀን ውስጥ ዕዳው ካልተከፈለ ቤቷ በሐራጅ እንደሚሸጥ ደብዳቤው ይናገራል። ደሜ ፈላ። የእኔን የኪራይ ውል ሦስት ጊዜ ያነበብሽ ሴት የራስሽን ቤት እንዴት እንዲህ ትሰጫለሽ ብዬ ጮኽኩባት። እሷ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብላ፣ ተረቱን እንኳ ሳትጨርስ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ጠረጴዛዋ ላይ የነበረው ሥራ ደግሞ፣ ዕድል ሲቀልድ አያድርስ ነው፣ የሸማቾች ጥበቃና የብድር አዋጅ ረቂቅ ነበር። ረቂቁ አበዳሪ የተበዳሪውን ንብረት አስቀድሞ ሳይሸጥ ዋሱን እንዳይነካ ይከለክላል። ዋስ የሚሆን ሰው ውሉ ጮክ ተብሎ እንዲነበብለት፣ ለማሰቢያም ሦስት ቀን እንዲሰጠው ያዛል። ለእሷ ግን ዋናው አንቀጽ ሠላሳ አንድ ነበር። አዋጁ ከመውጣቱ በፊት በተፈረሙ ውሎች ላይም፣ ንብረቱ ገና ካልተሸጠ፣ ተፈጻሚ ይሆናል ይላል። ያንን ስታነብ ድምፅዋ ንቅንቅ አላለም። እኔ ግን እርሳሴን አስቀምጬ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። ምክር ቤቱ በያዘው ቀጠሮ ካጸደቀው፣ ሐራጁ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ቤቷ ይተርፋል። ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ፣ አንገትሽን ደፍተሽ ሥራሽን ሥሪ፣ አዋጁ ራሱ መጥቶ ያወጣሻል አልኳት። እሷም እሺ አለችኝ።

ኮሚቴው ረቂቁን የሚመረምርበት ቀን ደረሰና የአበዳሪዎች ማኅበር ጠበቃ ተጋብዞ መጣ። አንደበቱ ማር የሆነ ሰው ነው። ደንበኞቻችን ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች ናቸው፣ አንብበውና ገብቷቸው የፈረሙትን እኛ ለምን እንደ ሕፃን እንቆጥራቸዋለን አለ፤ ብዙ ራስም ተነቀነቀ። ከአባላቱ መካከል አንዲት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ነበሩ። እንዲያ ከሆነ ይህ ውል የሚባለው ነገር እስቲ እዚሁ ይነበብ አሉ። ጠበቃው ከቦርሳው አንድ ቅጂ አወጣ። ሰብሳቢውም እንደ ልማዱ ግድግዳው ጥግ ወደተቀመጥነው ዞሮ፣ እንድታነብ በእጁ ምልክት ሰጣት።

ወረቀቱን ገና ስታየው አወቀችው። ያው ድርጅት፣ ያው ቅጽ ነበር። መነጽሯን አደረገችና ከሦስት ዓመት በፊት የፈረመችውን ውል ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበብ ጀመረች፤ ሌላ አነባበብ ስለማታውቅ ከነጠላ ሰረዙና ከአራት ነጥቡ ጋር። አራተኛው ገጽ ላይ ሁለት አባላት ስልክ እንደተደወለለት ሰው ሹልክ ብለው ወጡ። ስድስተኛው ላይ ምክትል ሰብሳቢው አንቀላፋ፤ ቃለ ጉባኤው «በጽሞና አዳመጡ» ይላል እንጂ እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ጠበቃው ራሱ ሰዓቱን መላልሶ ያይ ነበር። ዘጠነኛው ገጽ ላይ፣ «ዋሱ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ አበዳሪው በቅድሚያ ከተበዳሪው ንብረት ላይ እንዲያስከፍል የመጠየቅ መብቱን በገዛ ፈቃዱ ትቷል» አለችና ቆመች። አራት ነጥቡን ሳትለው ቀረች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ነጥብ ስትዘል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰብሳቢው ግልግል ያገኘ መስሎት በቃን አለ። መምህርቷ ግን አልጨረሱም።

«እህቴ፣ ከሁላችንም ይልቅ ማንበብ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» አሏት። «ይህን ሁሉ አንብቦ፣ ገብቶት የሚፈርም ሰው ያለ ይመስልዎታል?»

የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ በኮሚቴ ፊት ያነባል እንጂ አይናገርም። «እኔ እንጃ» ብትል ነገሩ ያልፍ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥኳት።

«ስለሌላው ሰው አላውቅም» አለች። «እኔ ግን ይሄንኑ ወረቀት ለወንድሜ ዋስ ሆኜ ሳላነበው ፈርሜዋለሁ። ፊቱ ላይ ማንበቡ አሳፈረኝ። አሁን ቤቴ ሊሸጥ ነው።»

አንቀላፍቶ የነበረው ምክትል ዓይኑን ገለጠ። የወጡትም ተጠርተው ተመለሱ። የእሷን ቃል የሰማ አባል ከዚያ በኋላ ስለ ጣፋጩ የጠበቃ ንግግር ማሰብ አቃተው መሰለኝ፤ ውሉ ይነበብለት የሚለውም፣ ሦስት ቀን ይሰጠው የሚለውም፣ ቅድሚያ የተበዳሪው ንብረት የሚለውም በሙሉ ድምፅ አለፈ። ሳምንቱን ሙሉ ይወድቃሉ ተብለው ሲፈራላቸው የከረሙት እነዚያው ናቸው።

ጠበቃው ግን እጁን አጣጥፎ የሚሄድ ሰው አልነበረም። አንቀጽ ሠላሳ አንድን ማን ጻፈው ብሎ ጠየቀ። ሕጉ በእጇ የሚያልፍ ሠራተኛ ከሕጉ የምትጠቀም ከሆነች፣ ይህ አንቀጽ ለአንድ ሰው ቤት በልክ የተሰፋ ነው አለ። ውሸት ነው። አንቀጹን ባለሙያዎች የጻፉት ደብዳቤው ለእሷ ከመድረሱ ከወራት በፊት ነው፤ መምህርቷም፣ ሥርዓቱን ጥሼ እኔም ይህን ተናግረናል። ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አባላቱ ለራሳቸው ሠራተኛ አዳሉ መባልን ፈሩና አንቀጹን በሁለት ድምፅ ብልጫ ሠረዙት። በምትኩ አዋጁ ቀደም ብለው የተፈረሙ ውሎችን አይመለከትም የሚል ገባ።

ያንን ያነበብነው እኛው ነን። እሷ አንድም ሰረዝ ሳታስቀር አነበበችው። እኔ ግን ፊደሉ ተደበላለቀብኝና ምልክት ሳላደርግ አለፍኩ። ቀና ብላ አየችኝና እንደገና ልጀምርልህ አለች፤ ጀመረችልኝም። የዚያን ቀን በእሷም፣ በምክር ቤቱም፣ በራሴም ተቆጥቼ ነው የዋልኩት።

ቤቱ በቀኑ ተሸጠ። ወንድሟ በዳቦ ማከፋፈያ መኪናው ዕቃ ሊያወጣ መጣ፣ እኔም ላግዝ ሄድኩ። ወንድምና እህት ደብዳቤው ከመጣ ጀምሮ ስለ ፊርማው ቀን አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ቁም ሣጥኑን ለሦስት ተሸክመን በሩ ጠቦን ስንታገል፣ ወር ሙሉ ይዤው የከረምኩት ንዴት አመለጠኝ።

«ያን ቀን ኮሚቴው ፊት ዝም ብትይ ኖሮ ዛሬ ይህን ባልተሸከምን» አልኳት።

«ዝም ብዬ አይደል የፈረምኩት?» አለችኝ። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ላነበው ፈልጌ ነበር። ፊትህ ሲለወጥ አይቼ ነው የተውኩት።»

ወንድሟ የያዘውን ጫፍ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ፊቴ የተለወጠው ምን ታገኝበት ይሆን ብዬ ፈርቼ ነው» አላት። «እኔም እኮ አላነበብኩትም፣ እቴ። አንቺ ስትፈርሚ ሳይ ነው፣ ደህና ነው ማለት ነው ብዬ የፈረምኩት።»

እሷም የያዘችውን ጫፍ አስቀመጠች። ከዚያም ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ እሱም ከአጠገቧ ተቀመጠ። ቁም ሣጥኑ በሩን እንደዘጋ ቆመ፣ እኔም ከውስጥ በኩል ቀርቼ ጠበቅኳቸው።